ቁጣሽ ሰዓት አለው፦ ትንንሽ ልጆች ለያዘች ክርስቲያን እናት

ስለ ትዕግሥት የሚመክሩን ሰዎች አብዛኞቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ እግር ካልሲ ፈልገው የሚያውቁ አይመስለኝም። «ጸልዪ፣ ታገሺ፣ ያልፋል» ይሉሻል። ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን ወተቱ ፈስሶ፣ ሕፃኑ እያለቀሰ፣ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ከታች ጥሩምባ እየነፋ ሳለ ምክሩን በየትኛው እጅሽ እንደምትይዢው ማንም አይነግርሽም።

እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መካከለኛዋ አራት፤ ትንሹ ገና ዓመት ከመንፈቁ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ አቅራቢያ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ፒያሳ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ከሥራዬ የተነሣ ይሆናል፣ ትዕግሥት ለእኔ እንደ በጀት ነው፤ አስቀድመሽ ካልያዝሽው በወጪው ቀን ከየትም አታመጪውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርሽ አብዛኛው ነገር የሚሠራው ከመቆጣትሽ በፊት ባሉት ሰዓታት ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ስለሆንሁ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። አንቺ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊት ከሆንሽ ከቤተ ክርስቲያንሽ ልማድ ጋር አስማሚው፤ ካልሲው የሁላችንም ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቂ

ለአንድ ሳምንት ትንሽ ደብተር ማድ ቤት አስቀምጪ። ድምፅሽን ከፍ ባደረግሽ ቁጥር ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ፦ ስንት ሰዓት ነበር? ከዚያ በፊት ምን እየሠራሽ ነበር? የበላሽውስ መቼ ነው? ኃጢአትሽን አትጻፊ፤ እሱ ለንስሐ አባትሽ ነው። ሰዓቱን ብቻ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ገጹን ስታዪው ቀኑን ሙሉ የምትጮኽ ክፉ ሴት አታገኚም። በአብዛኞቹ ቤቶች የሚወጡት ሁለት ሰዓታት ናቸው፤ ጠዋት ከቤት መውጫው፣ ማታ ደግሞ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው። በእኔ ደብተር ላይ ሦስተኛ ነገር ወጣ፤ ስልክ። ልጆቹ የሚያናድዱኝ ስልኬን እያየሁ ሲያቋርጡኝ ነበር። ጥፋታቸው እናታቸውን መጥራታቸው ነው። አሁን ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በጣም የፈለገኝ ሰው ይደውላል፤ ጥሪው ከመሳቢያም ይሰማል።

ሰዓቱን ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ልጁን ከክስ ነፃ ያወጣዋል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ራሱን የሚገዛበት የአንጎል ክፍል ገና እየተሠራ ነው፤ ከግንባር ጀርባ ያለው ይህ ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ሰው ሃያዎቹን ሲያጋምስ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ኩባያ የወረወረ ልጅ ሊያዋርድሽ አልዶለተም። ቀኑን ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ራሱን ሲይዝ ውሎ የሚፈታበት ሰው ጋ መጣ። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ክብር ነው ለማለት ይከብዳል፣ ግን ነው።

ኤልያስ በልቶ ተኛ

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ ስብከትም አላሰማውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ምዕራፍ ለእናቶች ደጋግሞ የሚያስተምር ሰባኪ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ለልጆቹ አብስለሽ፣ አጉርሰሽ፣ የተረፈውን ፍርፍር ቆመሽ በመዳፍሽ የምትለቅሚ ከሆነ ማታ ላይ የሚጮኸው ረሃብሽ ነው። ተቀምጠሽ ብዪ። በባዶ ሆድ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቶ ልጅን መታገሥ ለባሕታዊም ይከብዳል። በጾም ቀን ደግሞ ነገሩን አስቀድመሽ አስቢበት። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ከ7 እስከ 9 ያለው ጊዜ ቀጭን መሆኑን ታውቂዋለሽ፤ የልብስ ማጠብና የልጅ ፀጉር መሥራት ለዚያ ሰዓት አይቀጠርም። የምታጠቢ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ስለ ጾሙ መጠን ራስሽ አትወስኚ፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። አብዛኞቻችን ሳንጠይቅ ከአቅማችን በላይ ጾመን፣ ከምግብ ተከልክለን፣ ልጆቻችንን በቃል እንበላቸዋለን።

እንቅልፍ ከምግብ ይልቅ ከባድ ነው፤ በእጅሽ ብቻ አይደለምና። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ደግሞ ሦስት ቀን ይሰጣል። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት የሚጀምረው ግን አዋጁን አንብቦ አይደለም። ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር ሌሊቱን ተካፈሉ። እኛ ቤት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የሚነሣው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔ። የሚጠባ ልጅ ቢሆን እንኳ አባት አንሥቶ ማምጣት፣ ሽንት ጨርቅ መቀየር፣ መልሶ ማስተኛት ይችላል። ይህን ለባልሽ የምትነግሪው በተረጋጋ የቅዳሜ ከሰዓት ነው እንጂ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በክርን እየጎሸምሽ አይደለም።

የልጆቹም እንቅልፍ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 1 እና 2 ዓመት ለሆኑ ልጆች የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ 3 እና 4 ዓመት ለሆኑት ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ይላል። በእኛ ከተማ ልጆች ከአባታቸው ጋር የሌሊት ዜና አይተው 4 ሰዓት ላይ ይተኛሉ፣ 12 ሰዓት ላይ ተጎትተው ይነሣሉ፤ ከዚያ «ይህ ልጅ ጠባዩ ምን ነካው?» እንላለን። ማታ 2 ሰዓት ላይ የተኛ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አሥር ሰዓት ሞልቶታል። እንግዳ ሲመጣ ይህ ይፈርሳል። ይፍረስ፤ በማግሥቱ ጠዋት ብዙ አትጠብቂ።

የጠዋቱ ሥራ ማታ ነው

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጠዋት የምንቆጣበት ነገር ከሞላ ጎደል ማታ ሊሠራ የሚችል ነው። ዩኒፎርም ከነካልሲው ወንበር ላይ፤ ጫማ በር ሥር፤ ደብተር ተፈርሞ ቦርሳ ውስጥ፤ የምሳ ዕቃ ታጥቦ ተገልብጦ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጀሪካኑ ሞልቶ ማደር አለበት፤ ሳሙና ፊቱ ላይ የተቀባ ልጅ ይዞ ባዶ ቧንቧ መክፈት ለማንም አይመከርም። ሥራ የምትውዪ ከሆነ እሑድ ላይ ለሳምንቱ የሚሆን ቁሌት አብስለሽ ማቀዝቀዣ አስገቢ። ማታ ሽሮውን ጣል ማድረግ ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ቤት እንደገባሽ ወደ ምድጃው ከመሮጥ ይልቅ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ወለሉ ላይ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ ትችያለሽ። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ከሁለት ሰዓት ልቅሶ ያድናሉ። የራበው ልጅ ካለ ሙዝ ወይም ዳቦ ስጪው፤ «ራትህን ትዘጋለህ» የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ተዪው።

ከልጆቹ ሩብ ሰዓት ቀድመሽ ተነሺ። ይህን ስል ሌሊቱን ሦስት ጊዜ የተነሣችውን የአራስ እናት አይደለም፤ አንቺ ተኚ። የቻልሽው ግን ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆመሽ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሎ መሰጠቱ ለእኛ ለእናቶች የተደረገ ይመስለኛል፤ ዛሬ የሰኞውን ብቻ፣ ነገ የማክሰኞውን ብቻ። መሐል ላይ ልጅ ከነቃ ይዘሽው ጨርሺ። ትንሹ ልጄ መቁጠሪያዬን እየጎተተ የሚያድግ ከሆነ ይደግ።

ያ ደቂቃ ሲመጣ

ሁሉን አዘጋጅተሽም ይመጣል። ያኔ ረጅም ጸሎት አይገኝም፤ አፍ ውስጥ የሚያልቅ አጭር ቃል ያስፈልጋል። የእኔ መዝሙር 140፥3 ነው፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ።» በወረቀት ጽፌ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ዘይት ነክቶታል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ወይም «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» ማለትም ይበቃል። ዋናው ነገር ቃሉን ስትረጋጊ ማጥናት ነው። በንዴት ጊዜ አዲስ ጸሎት አይፈጠርም።

ቃሉን እያልሽ እጅሽን ባዶ አድርጊ። ቢላዋውን፣ ማማሰያውን፣ ስልኩን አስቀምጪ። ወደ ልጁ ሂጂ እንጂ ከማድ ቤት ሆነሽ አትጥሪው፤ የጩኸታችን ግማሹ የርቀት ጩኸት ነው። በርከክ ብለሽ ዓይኑ ከዓይንሽ ጋር ሲተካከል ስሙን ጥሪ፣ ድምፅሽን ከተለመደው ዝቅ አድርጊ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሪ። «ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ? ምን ሆነህ ነው? አንተ ልጅ ልትገድለኝ ነው?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለአራት ዓመት ልጅ መልስ የላቸውም። «መኪናውን ስጣት፤ ተራህ ከእሷ በኋላ ነው» ማለት ግን የሚሠራ ነገር ይሰጠዋል። ክልከላውን ወደ ሥራ ለውጪው፦ «አትሩጥ» ከማለት «እጄን ያዝ»፤ «አትጩኺ» ከማለት «በጆሮዬ ንገሪኝ»።

ትንንሽ ልጆች የሚያብዱት ነገር በድንገት ሲቋረጥባቸው ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ አስታውቂ፤ «ሁለት ጊዜ ትንሸራተቺና እንሄዳለን»። ሁለት ብለሽ አምስት ጊዜ ከፈቀድሽ ነገ ቃልሽን ማንም አይቆጥረውም። ምርጫም ስጪ፤ «ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን ሹራብ?» ሹራብ መልበሱ ግን ምርጫ ውስጥ አልገባም።

እጅሽ ሊቀድምሽ እንደሆነ ከተሰማሽ ምድጃውን አጥፊ፣ ሕፃኑን አልጋው ላይ አድርጊ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ውጪ። ሕፃን አምስት ደቂቃ ቢያለቅስ አይሞትም። መነቅነቅ ግን አንጎሉን ሊጎዳው፣ ሊገድለውም ይችላል፤ ስለዚህ ሕፃን በፍጹም፣ በምንም ዓይነት ንዴት አይነቀነቅም። አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ተመለሺ።

በታክሲ ሰልፍ ላይ ያለው ትዕግሥት ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ዳቦ ቆሎ አለ። ቆሎ ግን ለትንሹ አይሰጥም፤ ያንቃል።

ፎቅ ላይ የሚያድግ ልጅ መሮጥ አለበት

እኛ ግቢ ውስጥ ተሯሩጠን ያደግን ሰዎች ልጆቻችንን በሁለት ክፍል ዘግተን «አርፋችሁ ተቀመጡ» እንላለን። ያልሮጠ ልጅ ማታ ቤቱን ያፈርሰዋል፤ ይህን የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ የሦስተኛው ፎቅ ነዋሪ ደግሞ የበለጠ ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው የእግረኛ መንገድ ሰፍቷልና ቅዳሜ ጠዋት በእግራችን እንወጣለን። አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን ድንቅነሽን እናያለን፤ መካከለኛዋ ልጄ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ሴት እያየች «እናቷስ የት አለች?» ብላ ትጠይቃለች። አንዳንድ ጊዜ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከተሳለምን በኋላ የጊዮርጊስ ታቦት ከምኒልክ ጋር አድዋ ድረስ መውረዱን እነግራቸዋለሁ፤ ትልቁ እስከ ቤት ድረስ ፈረሰኛ ሆኖ ይመጣል። አንድ ሰዓት የሮጠ ልጅ ሰው ነው። እናቱም እንደዚያው።

ቅዳሴና ልጆች

በእኛ ዘንድ ትዕግሥት በጣም የሚፈተነው ቤት ውስጥ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይመስለኛል። ቤት ውስጥ የሚያይሽ የለም። ቅዳሴ ላይ ግን ልጅሽ «እማዬ፣ ሽንቴ መጣ» ብሎ በጸጥታው መሐል ሲጮህ መቶ ነጠላ ወደ አንቺ ይዞራል። ብዙ እናቶች በዚህ ምክንያት ልጆቹ እስኪያድጉ ከቅዳሴ ይቀራሉ። አትቅሪ። ሕፃናት ከተጠመቁ ጀምሮ ይቆርባሉ፤ ቦታቸው ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደቀ መዛሙርቱ ልጆችን ያመጡትን ሰዎች ሲገሥጹ ጌታ የተቆጣው በልጆቹ ላይ አልነበረም፤ በከልካዮቹ ላይ ነበር። አንድ እናት ቆጣ ብለው «ልጅሽን ያዢ» ሲሉሽ ይህን በልብሽ አስቢ እንጂ አትመልሺላቸው፤ እሳቸውም ምናልባት በጊዜያቸው እንዲሁ ተብለዋል።

እንዴት እንደሚደረግ ልንገርሽ። ልብሱ፣ ነጠላው፣ የሕፃኑ መጠቅለያ ቅዳሜ ማታ ተሰናድቶ ያድራል። እሑድ ጠዋት ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ሁሉም ሽንት ቤት ይገባል፤ «አልመጣብኝም» የሚለውም ይገባል። የማይቆርቡበት ቀን ከሆነ ትንሽ ነገር ቀምሰው ይውጡ። ለመቁረብ ከሆነ ምን ያህል መቆየት እንዳለባቸው በየዕድሜያቸው የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ። ሕፃንን እንደ አዋቂ አስርቦ ለልቅሶው መቆጣት አይገባም።

ቅዳሴው ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ቆሞ እንዲያስቀድስ አትጠብቂ። ቦታሽን ከበር አጠገብ ያዢ፤ መውጣት ሲያስፈልግ ሰው ሳትረግጪ ትወጫለሽ። እኔ ቅዳሴውን ከፍዬ ነው የማስለምዳቸው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሁላችን እንነሣለን፤ ወንጌል ሲነበብ ውስጥ ነን፤ ከዚያ ትንሹ ካስቸገረ ይዤው ወጥቼ ከዛፍ ሥር ድምፅ ማጉያውን እየሰማሁ አስቀድሳለሁ፤ ለቁርባኑ እንመለሳለን። ትልቁ ባለፈው ዓመት ከወንጌል በፊት ይወጣ ነበር። አሁን ሕዝቡን እየተከተለ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል፤ ግማሹን ራሱ ፈጥሮ።

መኪናና ኳስ ይዘሽ አትሂጂ። ጧፍ የመያዝ፣ ለነዳያን ሳንቲም የመስጠት፣ ጫማ የመደርደር ሥራ ስጪያቸው። ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ አውጥተሽ መቆንጠጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ልጁ የሚይዘው ስለ ጸጥታ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚቆነጠጥ መሆኑን ነው።

ስለ ዱላ

«ካልተገረፈ አያድግም» የሚሉ ዘመዶች አሉሽ፤ አሉኝም። ከመጽሐፈ ምሳሌ ይጠቅሱልሻል። እኔም ከቆላስይስ 3፥21 እጠቅስላቸዋለሁ፦ «አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው።» ጥቅስ በጥቅስ መመታታቱ ሰልችቶኝ አሁን ስለ እመቤታችን ነው የማነሣላቸው። የ12 ዓመት ልጇ ጠፍቶባት ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ ስታገኘው የመጀመሪያ ቃሏ ጥያቄ ነበር፤ «ልጄ ሆይ፥ ለምን እንዲህ አደረግህብን?» መጨነቋን ነገረችው፤ አልሸሸገችም። መልሱንም ሰማች፤ ሉቃስ ነገሩ እንዳልገባቸው ይጽፋል፣ እሷ ግን በልቧ ትጠብቀው ነበር። እኔ ፒያሳ ላይ ልጅ ለሦስት ደቂቃ ቢጠፋብኝ በመጀመሪያ የሚወጣኝ ጥያቄ አይመስለኝም። ለዚህ ነው የምለማመደው።

ይህ ማለት ልጅ ያሻውን ያድርግ ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የጻፈ በጨርቅ ይጠርጋል፤ መጫወቻ የወረወረ ዛሬ አያገኘውም። ቅጣቱ አጭር ይሁን፣ ከጥፋቱ ጋር ይገናኝ፣ ወዲያው ይሁን። «አባትህ ይምጣ» ማለት ባልሽን የቤቱ ማስፈራሪያ ማድረግ ነው፤ እሱም ደክሞት ነው የሚገባው።

ከጮኽሽ በኋላ

ትጮኺያለሽ። ኤፌሶን 4፥26 «በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል፤ ይህ ለባልና ሚስት ብቻ የተጻፈ አይደለም። ልጆቹ ሳይተኙ ታረቂ። እንዲህ በዪ፦ «ቅድም ጮኼብሃለሁ፤ እንደዚያ መጮኼ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ። ኩባያ መወርወር ግን አሁንም አይቻልም።» ሁለቱንም ተናገሪ። ይቅርታውን ብቻ ካልሽ ሕጉ ይፈርሳል፤ ሕጉን ብቻ ካልሽ ይቅርታው ይጠፋል። «አንተ ባታናድደኝ ኖሮ» ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱ ይቅርታ ሳይሆን ሁለተኛ ክስ ነው። «እናት ልጇን ይቅርታ ከጠየቀች ትናቃለች» የሚሉ አሉ። የሚያስንቀው ይቅርታ አለመጠየቅ መሆኑን ለማወቅ ያደጉ ልጆችን መጠየቅ ይበቃል።

ንስሐ ስትገቢም «እቆጣለሁ» ብለሽ አትለፊው። ደብተሩን አስታውሺና በየትኛው ሰዓት፣ በምን ምክንያት፣ ምን ቃል ተናግረሽ እንደሆነ ንገሪያቸው። ካህኑ ሥራ የሚሰጡሽ በዚያ ላይ ነው። ለ«እቆጣለሁ» ስግደት ይታዘዛል፤ ለ«ማታ 1 ሰዓት ላይ ብቻዬን ሦስት ልጅ ሳበላ ልጄን ተሳድቤአለሁ» ግን ባልሽንም ሊያስጠሩት ይችላሉ።

ሰው ጥሪ

ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ። ብቻዋን የምትታገሥ እናት ቶሎ ታልቃለች። ሞግዚት ለመቅጠር አቅም ከሌለሽ፣ ያለሽም ብትሆኚ፣ አንድ የተረሳ ሰው አለ፤ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ልጁን ተቀብለው ያቀፉት ሰዎች ኃላፊነት ወስደዋል። ከክርስትናው ድግስ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ልብስ ይዘው ከመምጣት በላይ ይችላሉ። ደውዪና በግልጽ ጠይቂ፦ «ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ልጅሽን ወስደሽ ታውይልኛለሽ?» አብዛኞቹ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ደስ ይላቸዋል። የመካከለኛዋ ልጄ የክርስትና እናት ቡና ስታፈላ ረከቦቱን እንድትደረድር ትፈቅድላታለች፤ ልጅቷ ከዚያ ቤት የምትመለሰው አዋቂ ሆና ነው።

በወጣልሽ ሦስት ሰዓት ቤት አታጽጂ።

ትዕግሥት ብቻ የማይፈታው

ከወለድሽ በኋላ ሐዘኑ ወይም ንዴቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሕፃኑ ተኝቶም አንቺ መተኛት ካልቻልሽ፣ ልጁን ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህ የትዕግሥት ጉድለት ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት በሽታ ነው፤ ሕክምናም አለው። የመጉዳቱ ሐሳብ ከመጣ አንድ ቀን አትጠብቂ፤ ልጁን ለሚታመን ሰው ስጪና ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ሌላው ከሆነ ልጅሽን በምታስከትቢበት ጤና ጣቢያ ለነርሷ ንገሪያት፤ አስፈላጊ ሲሆን ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ይልኩሻል። ጠበሉንም አትተዪ፤ መድኃኒቱንም አታቋርጪ። የታዘዘልሽ መድኃኒት ካለ እያጠባሽ መሆኑን ለሐኪሙ መጀመሪያ ንገሪ፤ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጡ አሉና። ስትሄጂ እኅትሽን ወይም ባልሽን ይዘሽ ሂጂ፤ የሚሉሽን ብቻሽን ሰምተሽ ለመያዝ በዚያን ቀን ይከብድሽ ይሆናል።